ገንቦውን እሰሪው

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ላም የሚያዳቅል ባለሙያ ቤታችን መጣ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ላም ያለው ሰው ሁሉ የአዳቃዩን ስልክ ቁጥር ከሐኪሙ ቀድሞ ይይዛል። ሰውየው ሞተር ብስክሌቱን አጥሩ ጥግ አቆመና ከኋላው የጫነውን ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን ዕቃ አውርዶ ግቢው መሀል አስቀመጠው። ክዳኑን ሲያነሳ ነጭ ነገር ከአፉ ተንዶ በጎኑ ቁልቁል ወረደ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ነጩ ነገር መሬት ለመሬት እየተጎተተ እግሬ ሥር ደረሰ። ወደ ኋላ ሄድኩ ሄድኩና የቤቱ ግድግዳ አስቆመኝ።

«እትዬ፣ አይናከስም እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። የኮርማው ዘር እንዳይበላሽ...»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

እህቴ ገላመጠችኝ። ለሥራ የመጣን ሰው ለምን እንደማስቀይም አልገባትም። አይፈረድባትም፤ ስለ ካርቱም ምንም ነግሬያት አላውቅም። ከዚያ የተመለሰን ሰው ሁሉም የሚጠይቀው ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ሙቀቱንስ እንዴት ቻልሽው ብሎ ነው። እኔ ለሁለቱም መልስ አልሰጠሁም። እዚህም የምጽፈው አንዱን ነገር ብቻ ነው። ሌላው የራሴ ነው።

ካርቱም የገባሁት ደቡቡ ከመገንጠሉ በፊት ነው። ለምን እንደሄድኩ አልጽፍም። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ሦስተኛውን ሳልጀምር መውጣት ነበረብኝ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት የት እንዳሳለፍኳቸው የሚያውቁት ያውቃሉ። ይህ የምተርከው ነገር ሲሆን ደቡቡ ተለይቶ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ሠላሳ ልሞላ ትንሽ ይቀረኝ ነበር።

የምሠራው አርካዊት በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ አንዲት ሱዳናዊት የቆዳ ሐኪም በከፈተችው ክሊኒክ ነው። ዶክተር ኢልሃም እንበላት። የእኔ ሥራ ወለል መወልወል ነበር፤ የዘይነባም እንደዚሁ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። ካርቱም ከእኔ በፊት አሥር ዓመት ኖራለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ በየሰው ቤት ስትሠራ አረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፣ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ካላክላ ውስጥ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠዋት ከሰፈሩ ሱቅ ፉል በሰሊጥ ዘይት ገዝተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ በተጨናነቀችው የሕዝብ አውቶቡስ፣ በሐፍላ፣ ተሳፍረን መሀል ከተማ እንወርዳለን፤ ከዚያ ሌላ ሐፍላ። ዘይነባ መቀመጫ ካገኘች የእኔን መወልወያ ጨርቅ ጭምር ጭኗ ላይ ትይዝልኛለች። ስሜን ግን አትጠራም ነበር። «ዩኒቨርሲቲዋ» ነበር የምትለኝ።

«ዩኒቨርሲቲዋ፣ እዚያ ጥጉ ጋ አቧራ ትተሻል። አላስተማሩሽም?»

ስድብ ነው አልልም። ፍቅርም ነው አልልም።

ካርቱም በበጋ ቧንቧው ራሱ ውሃን አሙቆ ይሰጣል። እኩለ ቀን ላይ እጅ ለመታጠብ መጀመሪያ ባልዲ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥና እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው የሚፈላ ነገር ሁሉ ትኩስ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። እኔም መጽሐፉን አንብቤ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ልቤ ግን ያምን የነበረው ያንኑ ነው። ናይትሮጅን ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚል ጥያቄ መጥቶልኝ ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ብዬ አግኝቻለሁ። ፈሳሽ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። እኛ የተማርንበት ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበረው አንድ ሚዛንና የተሰነጠቀ ብልቃጥ ነው።

ያሳዩኝ ጋሼ መኰንን ናቸው። ጋሼ መኰንን አገር ቤት ሳሉ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። ከእኛ ሁሉ ቀድመው፣ በሌላ ዘመን ፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ጀብራ ሰፈር ነበር። ሐበሻው ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያስፈልገው እሳቸው ደጅ ይሄዳል። ክሊኒኩ ውስጥ ዕቃ መቀቀልና ናይትሮጅኑን መጠበቅ የእሳቸው ሥራ ነበር። ዶክተሯ ኪንታሮትና ጠቃጠቆ የምታነሳው በእሱ ነው፤ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ነክራ ቆዳው ላይ ትይዘዋለች፣ ቆዳው ነጭ ይሆናል፣ ከሳምንት በኋላ ይረግፋል። በበረዶ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው «ማቃጠል» ነበር የሚለው። ቅዳሜና ማክሰኞ የማቃጠያ ቀን ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ መኰንን ትንሽ ቀድተው አሳዩን።

«ይኼ ምን ይመስልሻል?»

«ውሃ» አልኩ።

«የምትተነፍሽው አየር ነው። ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ይኼው ነው። አብርደው አብርደው ፈሳሽ አደረጉት እንጂ።»

ወለሉ ላይ ጠብ አደረጉት። ጠብታዎቹ ሴራሚኩን የነኩ አይመስሉም፤ እየተንከባለሉ ሮጡና ግድግዳው ሥር ሳይደርሱ የሉም።

«የት ገባ?» አለች ዘይነባ ጎንበስ ብላ።

«አገሩ ገባ። አየር አልነበር? አየር ሆነ።»

«ምነው እኛንም እንዲህ በመለሰን» አለች። ጋሼ መኰንን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወለሉ ላይ ያለፈበትን እያየሁ ነበር። እርጥበት እንኳ የለም። የወለወልኩት ወለል ላይ አንድ ነገር ፈስሶ ምንም ሳይቀር ሲጠፋ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ዕቃውን «ገንቦ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ሆዱና አንገቱ ቁርጥ የጠላ ገንቦ ነበር። ጋሼ መኰንን ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ስናወራ ሌላ ስም አልነበረውም። የገንቦው መክደኛ ከስፖንጅ የጠነከረ ረዥም ቡሽ ነው፤ አንገቱ ውስጥ ላላ ብሎ ይቀመጣል። ለምን ላላ እንደሚል አልጠየቅሁም። የቀረውን የሚለኩት በእንጨት ማስመሪያ ነበር፤ ነክረው ያወጡትና አየር ላይ ያወዛውዙታል፣ ፈሳሹ እስከነበረበት ድረስ አመዳይ ይይዛል።

ዶክተር ኢልሃም መማሬን ያወቀችው አንድ ቀን ለጋሼ መኰንን ማስመሪያውን አንብቤ ስነግራቸው ሰምታ ነው።

«ያ ሲጌ፣ አንቺ ተማሪ ነበርሽ እንዴ?» አለችኝ። ጽጌ ማለት አይሆንላትም ነበር።

«ኬሚስትሪ፣ ሁለት ዓመት።»

ከዐረፋ በዓል በኋላ መወልወያውን ትቼ ነጭ ጋዎን ለብሼ በማቃጠያው ክፍል ረዳቷ እሆናለሁ አለችኝ። ኢንሻአላህ አለችበት። ዘይነባ የሱዳኖችን ኢንሻአላህ በድምፁ ትለያለች፤ ረዘም ካለ አይሆንም፣ አጠር ካለ ይሆናል ትላለች። የእኔ መሀል ላይ ነበር። ጋዎኑ ግን እውነተኛ ነው፤ ከማቃጠያው ክፍል በር ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በየቀኑ በሩን ስወለውል እጅጌው ትከሻዬን ይነካኝ ነበር። ሰው በጋዎን እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ያን ልብስ ብለብስ ሁለቱ ዓመት በከንቱ አልሄዱም ማለት ነበር። ባልለብሰው ደግሞ በከንቱ ሄደዋል። ከዚህ የተለየ አላሰብኩም።

ከዚያ ኸሪፉ ገባ፤ የካርቱም ክረምት ነው። አቧራው መጥቶ ሰማዩን ቡናማ ያደርገዋል፣ ዝናቡ ለግማሽ ሰዓት ይወርድና ካላክላን ጭቃ አድርጎ ይሄዳል፣ ከዚያ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። በዚያው ሰሞን ገንቦው ይብስ ይጨስ ጀመር። በበጋ ክዳኑ ሲነሳ ስስ ነገር ብልጭ ብሎ የሚጠፋው፣ አሁን እንደ ወፍራም ወተት ተንዶ ወለሉን ያለብሰዋል። ማስመሪያውም ከወትሮው የበለጠ አመዳይ ይዞ ስለሚወጣ መስመሩ የቱ ጋ እንዳለቀ መለየት አስቸገረ። ዶክተሯ ተናደደች። ናይትሮጅኑ እየባከነ ነው፣ አንድ ሰው ገንቦውን ክፍቱን እየተወው ነው አለች። አንድ ሰው ስትል ወደ እኔ ታያለች፤ ያን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝና።

አሁን አውቀዋለሁ። የምናየው ነጭ ነገር ናይትሮጅኑ አይደለም። ናይትሮጅን አይታይም። ነጩ የክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በብርዱ ጉም ሆኖ ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ጉሙም ይበዛል። የባከነ ነገር አልነበረም፤ ክረምት ገባ፣ በቃ። ይህን ጋሼ መኰንን ያኔ ያውቁ ነበር? ማወቅ ነበረባቸው። ለዶክተሯ አንድ ቀን እንኳ ሲነግሯት አልሰማሁም። እኔስ? እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ግን ያን ጊዜ ጉሙ በበዛ ቁጥር ጋዎኔ ከምስማሩ ላይ እየተነነ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ባገኘው፣ ኸላስ፣ አበቃ» አለችኝ ዶክተሯ። «የጋዎኑን ነገር እርሺው።»

በዚያው ሳምንት ጋሼ መኰንን ለለቅሶ ወደ ገዳሪፍ ሄዱ። እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ። ኔትወርኩ እንደ ሻሽ የተበሳሳ ነበር።

«ጽጌ! ትሰሚኛለሽ? ገንቦውን...»

«አቤት ጋሼ? ምን አሉኝ?»

«ገንቦውን እሰሪው! ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እንዳይወ...»

ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አንዲት ሴት በአረብኛ ስልኩ ዝግ ነው አለችኝ። እንደገና ደወልኩ። እንደገና ዝግ ነው አለችኝ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። እንዳይወጣ ነው? እንዳይወድቅ ነው? እኔ ባደግሁበት ቤት ገንቦ እሰሪ ከተባለ የሚታሰረው አፉ ነው። ጠላው ከተደፈደፈ በኋላ እናቴ አፉን በጨርቅ ጠፍራ ታስረዋለች፣ ሲላላ ትቆጣናለች። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ የሰማሁት ይወጣል፣ ይባክናል፣ ይተናል የሚል ብቻ ነው። ሌላው ማሰር፣ ዕቃውን ከክፍሉ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ማሰር፣ በአእምሮዬ አልመጣም። ከሥሩ ካሉት አራት ጎማዎች አንዱ መሰበሩን አውቅ ነበር። በመወልወያዬ ስነካው ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ግን አልመጣም።

ወይም መጥቶ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከክሊኒኩ ማዶ ካለው ብስክሌት ጠጋኝ የተቆረጠ ካላማዳሪያ ለምኜ አመጣሁ። ቡሹን እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሼ፣ ጎማውን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩ። ብቻዬን ስላልቻልኩ ዘይነባን ጠራኋት።

«ሳቢው።»

«ቢስሚላህ» ብላ ሳበችው። አንድ እግሯን ገንቦው ሆድ ላይ ተክላ ነበር። «ዩኒቨርሲቲዋ፣ እንዲህ አድርገው ነው የሚያስተምሩት?»

«ጋሼ መኰንን ናቸው ያዘዙት።»

«እሳቸው ካሉ እሺ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይታሰርም።»

ሁለታችንም ሳቅን። አስሬ ስጨርስ ከገንቦው አፍ አንዲት ክር ጉም አትወጣም ነበር። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከምስማሩ ላይ ጋዎኑን አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ ሰኞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከዐሥር የማይበልጡ በሽተኞች መጠበቂያው ክፍል በወረቀት እያራገቡ ተቀምጠው ሳለ ነው የፈነዳው። አንድ ሰው ብረት በር ላይ በመዶሻ የመታ ያህል ነበር ድምፁ። ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሴቶቹ «ጋዝ! ጋዝ!» እያሉ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ወደ መንገድ ሮጡ። እኔ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ጋዝ ሲሆን ወደ ሰባት መቶ እጥፍ ግድም ቦታ ይፈልጋል። ገንቦው ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ክዳኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ውስጡ ቀስ እያለ መፍላቱን አይተውም፤ ቡሹ ላላ የሚለው ለዚያ ነበር። ቡሹ ተፈናጥሮ ኮርኒሱን በስቷል። ገንቦው በሦስት ጎማው ተወርውሮ፣ የሚይዘው ሰንሰለት ስለሌለ፣ በጎኑ ተጋድሟል። ውስጡ የነበረው ሁሉ ወለሉ ላይ ፈስሷል። እስከ ጉልበቴ ነጭ ነበር። ሴራሚኩ ከሥሩ ቋ፣ ቋ እያለ ሲሰነጠቅ ይሰማል። መስኮቱ ዝግ ነው።

ጎንበስ አልኩ። ገንቦውን ለማቆም ነው፤ ዶክተሯ ሳትደርስ አቁሜው ወለሉን ልወለውል። ራሴን ጉሙ ውስጥ አስገባሁ። ሰው ሁሉ ሲታፈን ይታወቀዋል ብሎ ያስባል። አይታወቅም። ትንፋሼ አላጠረም፣ አላሳለኝም፣ ደረቴ አልተጨነቀም። እንዲያውም ደህና ነበርኩ። እጄ ገንቦውን ሊይዝ ሲሄድ ሩቅ ሆነብኝ። የማን እጅ ነው ብዬ አየሁት። የፈተና ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ጥያቄው በአረብኛ የተጻፈ መሰለኝና አስተማሪው ሳያየኝ ላስተረጉም ዞር አልኩ። ከዚያ ወለሉ መጣ።

ቀጥሎ የማውቀው ግቢው ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ የዘይነባ ፊት ከላዬ መሆኑን ነው። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ አስራለች። በጥፊ እየመታችኝ ነበር።

«ንቂ! ያ ረቢ፣ ንቂ! ጽጌ!»

ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ዘይነባ ናይትሮጅን ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን አንድ ጊዜ በሠራችበት ቤት አንዲት ልጅ ከሰል አንድዳ በር ዘግታ ተኝታ ሞታ አይታለች። «የሚታየው አይደለም የሚገድለው» አለችኝ በኋላ። ትንፋሿን ይዛ ገብታ፣ መጀመሪያ መስኮቱን በመወልወያ እንጨት ሰብራ፣ ከዚያ እግሬን ይዛ ጎተተችኝ። ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ራሴን ጉሙ ውስጥ ከትቼ ሳለ።

ጋሼ መኰንን በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ዶክተር ኢልሃም ቢሮዋ ውስጥ አስቆመችን፤ እሳቸውን፣ እኔንና ዘይነባን። የካላማዳሪያው ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ማነው ያሰረው?»

ዘይነባ አፏን ስትከፍት ክንዷን ቆነጠጥኳት። ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ሁለታችንም ከተባረርን የካላክላው ክፍል ራሱ አይኖርም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ጋሼ መኰንን እሰሪው ስላሉኝ።»

ዶክተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «ዝጊው ብለሃታል?»

«ላ፣ አላልኩም» አሉ ጋሼ መኰንን። «እሰሪው ነው ያልኳት።»

እነሆ እዚህ ላይ ነው። በአረብኛ ማሰር ሌላ ቃል ነው፣ መዝጋት ሌላ ቃል። አይገናኙም። ዶክተሯ የሰማችው፣ ሰውየው እሰሪ አላት፣ እሷ ዘጋችው የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ገንቦ ሲታሰር ይዘጋል። ይህን ለማስረዳት የሚበቃ አረብኛ እኔ አልነበረኝም፤ የእኔ አረብኛ የገበያና የባልዲ አረብኛ ነው። የእሳቸው የማመልከቻ አረብኛ ነበር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አየኋቸው። እሳቸው ካላማዳሪያውን አዩ።

«ተማርኩ ብለሽኝ» አለች ዶክተሯ። አላባረረችኝም፤ ወደ ባልዲሽ ተመለሺ፣ ያንን ክፍል እንዳትረግጪ አለችኝ።

ውጭ፣ ሻይ ከምትሸጠዋ ሴት አጠገብ ያለች አጭር ወንበር ላይ ጋሼ መኰንንን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ለምን አላስረዷትም?»

«ዶክተሯ የፈለገችው ቃል አይደለም፣ ጽጌ። ሰው ነው። አንድ ሰው ፈለገች። እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ ከዚህ ብወጣ ማን ይቀጥረኛል? አንቺ ገና ነሽ።»

«እንዳይ ምን ነበር ያሉት?»

«እንዳይወድቅ ነዋ! ጎማው የተሰበረ መሆኑን አታውቂም? እኔ እኮ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ! እንዴት አፉን እሰሪ እላለሁ?»

«እኔም ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ!» አሉ።

ለዚያ «ታዲያ» መልስ ፍለጋ ብዙ ዓመት ሄጃለሁ። እሳቸውን በልቤ ስወቅስ፣ ስከስ፣ ስፈርድባቸው ኖሬ ሁልጊዜ የምደርሰው እዚያች ቃል ላይ ነው። ታዲያ! ካላማዳሪያውን ስጠመጥም የመጽሐፉ ገጽ በዓይኔ መጥቶ ነበር? አንዳንድ ቀን መጥቶ ነበር እላለሁ፤ መጥቶ፣ አስተማሪ ካዘዘኝ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ገፋሁት። የታዘዘች ሴት ጋዎን ትለብሳለች፣ የምትጠይቅ ሴት ግን ባልዲ ትይዛለች ብዬ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም አልመጣም እላለሁ፤ የማውቀውና የማየው አንድ ነገር መሆኑን ያኔ ገና አልተማርኩም ነበር። ሁለቱንም ምዬ መናገር እችላለሁ።

ከዐረፋ በኋላ ጋዎኑን ዘይነባ ለበሰችው።

ዶክተሯ ናት ያለበሰቻት። አደጋ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው አለች። ዘይነባ አልጠየቀችም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ጋዎኑ ለእሷ ረዝሞ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋው ነበር። በሩን ከውጭ ስወለውል አየችኝ።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ለአንቺ ያኑረው፣ እኔ እስክትመለሺ ነው የያዝኩት።»

ባልዲዬን አንስቼ አለፍኩ። የት ነው የምመለሰው? በዚያው ወር ክሊኒኩንም የካላክላውን ክፍልም ለቅቄ ጀብራ ውስጥ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ያን ቀን ክንዷን ባልቆነጥጣት እሷም ባልዲ ላይ ትቀር ነበር። ይህን አስቤ አላበቃሁም። በሌላ በኩል፣ እሷ ባትጎትተኝ እኔ የምቆነጥጥበት እጅ አይኖረኝም ነበር። ይህንንም አስቤ አላበቃሁም። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

አዳቃዩ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ እህቴ «ምነው ሰውየውን እንዲያ አልሽው?» አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳት።

ዘይነባ ጦርነቱ ከካርቱም አስወጥቷት አሁን ጅዳ ናት። ስልኬን ከማን እንዳገኘች አላውቅም። በየዒዱ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። እዚያም የቆዳ ሐኪም ጋ እንደምትሠራ፣ ፊደል እንደቆጠረች፣ እግሯን እንደሚያማት ትነግረኛለች። እያንዳንዱን ሰምቻለሁ፣ አንዳንዱንም ሁለቴ። አንዱንም አልመለስኩም። መቅጃውን ተጭኜ እይዝና «ዘይነባ» ብዬ እቆማለሁ። ከጉሙ አወጣሽኝ ለማለት መጀመሪያ ጋዎኑን ወሰድሽብኝ ማለትን መተው አለብኝ፤ እሱን ከተውኩት ደግሞ ከዚያች ከተማ ይዤ የመጣሁት ምንም ነገር አይኖርም። ትናንትም ስሟን ጠርቼ ዝም አልኩ። ጣቴን ሳነሳ ግን፣ ማጥፋቱን ረስቼው፣ ሄዶላታል። ስሟ ብቻ፣ ከዚያ ዝምታ። እስካሁን አልመለሰችም።